ልክ

ሙሄ ላሜራ ሲቆርጥ ትንፋሹን ይይዛል፤
አንድ ሚሊ ከሳተ፣ ቀን ሙሉ ይተክዛል።
የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሶ የሚመጣ
ከባድ መኪና ሲያልፍ፣
ሱቁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሞረድ ከመደርደሪያ ዘሎ ሲወጣ፣
እጁን ያነሣና ይጠብቃል ዝም ብሎ፣
አቧራው እስኪያርፍ፣ ጎማው እስኪርቅ ተንከባሎ።
«ዘምዘም፣ ሞርሳውን አጥብቂው» ይለኛል ቀጥሎ።

የሳርዲን ቆርቆሮ፣ የዘይት ጣሳ ክዳን፣
ከፋብሪካው አጥር ሥር የለቀምነው ሽቦ፣
እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያድራል ተሰብስቦ፣
ፉርጎ ሊሆን።
ሰው ያያል፤ ይስቃል፤ «መጫወቻ ነው?» ይላል፤
ሙሄ መልስ አይሰጥም፤ ካሊፐሩን ያነሣል።

ዓርብ ዓርብ ጣቢያው ጋ እንሄዳለን። ዘበኛው አደም ያውቀናል፤
«ዛሬም ልትለኩት? አልረዘመም!» ብሎ ይቀልድብናል።
በሐዲዱ መሐል ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤
የእውነቱ ፉርጎ እዚያ፣ ከነቁጥሩ ቆሟል።
ሙሄ ከሆዱ ሥር በጀርባው ተኝቶ
ቡሎን ይቆጥራል፣ ጠመኔ በጥርሱ፣ ጥላሸት ተቀብቶ፤
እኔ እጽፋለሁ።
«በግራ ጎን ሠላሳ ስድስት። አንዱ የለም፤ ወድቋል።»
የወደቀው አንዱም ደብተር ላይ ይገባል።
አሥራ አራት ሜትሩን አካፍሎ ለሰማንያ ሰባት፣
አሥራ ስድስት ሳንቲም ከአንድ ሚሊ ያወጣል፤
አይጨምርም በእልህ፣ አይቀንስም በፍርሃት።

ዝገቱ ከኮምጣጤና ከጡብ ዱቄት መጣ፣
ጭቃው ከቦርከና፣ በብሩሽ ጫፍ ብቻ።
ፀሐይ የመታው ጎን፣ ዝናብ የመታው ጎን፣ አንድ ዓይነት አይዝግም፤
ይህን ለማወቅ ብቻ ሦስት ወር ፈጀብን፤ ሙሄ አይቸኩልም።

ከበሩ በስተቀኝ ሦስት ቀዳዳ አለ።
የዚያ ጥቅምት ነው። አደም እንኳ አልቀለደም፤ ዞር አለ።
ሙሄ የቀዳዳውን ከንፈር በጣቱ ዳሰሰ፤
«ከውጭ ወደ ውስጥ» አለኝ፣ ድምፁ እያነሰ።
እቤት በመርፌ በሳን። ሁለቱን እሱ፣ አንዱን እኔ።
ጠቅ ስትል ሰማኋት፤
ይኸው እስከ ዛሬ ጠቅ ትላለች በጎኔ።

በመጨረሻ ጎማው።
ከነሐስ ዘንግ ቆርጦ፣ በሞረድ አክብቦ ሠራቸው ስምንቱን፤
በጣቴ ገፋሁት፤ ሄደ፤
ጠረጴዛውን አቋርጦ ነካ ግድግዳውን።
እልል ልል ስል፣
«ስህተት ነው» አለኝ።
«ምኑ?»
«ይሄዳል። የእውነቱ መቼ ይሄዳል?»
ስታኞ አቀለጠ፤ ጭሱ ዓይኑን ለበለበው፤
ጠብታ በጠብታ፣ ስምንቱንም ጎማ ከሻንሲው ጋር አጣበቀው።
«አሁን ልክ ነው።»
ጃኬቱን ደረበና ለሌሊት ፈረቃ
ወደ ክር ማጠንጠኛው ሄደ።

እኔ ቁልፍ ነበረኝ።
ላይ ደሴ ጉም ለብሳ፣ ታች እኛ በሙቀት፣
መበየጃውን ሰካሁ፤ ጠበቅሁት እስኪግል፣ በላብ ተዘፍቄ፣ በጨለማ ቤት።
ልክ ማለትን የተማርኩት ከሱ ነው፤ በልክ ላይ አልዋሽም፤
ግን ያ ፉርጎ ሲሠራ ጎማው ለጌጥ አልነበረም።
መቆሙ የኛ እንጂ የሱ ልክ አይደለም።
አንድ በአንድ ፈታኋቸው።
አንዱን ሳላስበው አጠመምኩት፤ እጄ ሙሄን አይደለም።

ጠዋት መጣ፣ ጥጡን ከጠጉሩ ሳያራግፍ፤
በጠቋሚ ጣቱ ነካው፤
ሄደ፣ እየተንጋደደ፣ ጥጉ ጋ እስኪያርፍ።
ቁጣ ጠበቅሁ። ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣ፣
የመጨረሻውን ገጽ፣ የስህተታችንን ዝርዝር ገለጠ፤
«ጎማ፦ ይሄዳል» ብሎ ጻፈ።
እርሳሱን በምላሱ አረጠበ፣ ቆየ፣
ከጎኑ «አይታረም» ብሎ ጨመረ።

ያኔ ነው ከሐረጎ የወረደ ተሳቢ ያለፈው።
ሞረዱ ዘለለ። ሱቁ ተናወጠ።
ፉርጎው፣ ማንም ሳይነካው፣ ጥቂት ፈቀቅ አለ።
ሙሄ ካሊፐሩን አነሣ። «አሥራ ሁለት ሚሊ።»
እኔ በሰማንያ ሰባት አበዛሁት፦
አንድ ሜትር ከአራት ሳንቲም፣
ትንሽም ተርፎ።